ክፉ ወሬ የማይገባበት ቤት

መስታወት ገጣሚው በዚያ ሰሞን ሥራ በዝቶበት ነበር። ሥራ በዛ ሲባል ደስ የሚል ነገር ነው፤ ለእሱ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከግርግሩ ወዲህ በሰፈሩ ውስጥ መስኮቱ ያልተሰበረ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። "ጋሽ መስታወት፣ እባክህ ለኛም ድረስልን፤ ብርዱ ልጆቹን ሊጨርሳቸው ነው" ይሉታል። እሱም መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጋሪ ላይ ያቆምና እየገፋ ከቤት ቤት ይዞራል። ቀድሞ ይህን ጋሪ የሚገፉት ሁለት ሆነው ነበር። ሁለተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱ በግርግሩ ቀን ሞተ።

ሟቹን ሰፈሩ ፍልቅልቁ ነበር የሚለው። ሲያመሰግኑት ይስቃል፣ ሲሰድቡት ይስቃል፤ መስታወት ከእጁ አምልጦ ሲንኮታኮት እንኳ "እሱ ይሰበር፣ እኔ ልትረፍ!" ብሎ ይስቃል። የእህቱን ልጅ "ሬዲዮ" ብሎ የሰየማትም እሱ ነው። ልጅቱ ገና የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏ ግን አያርፍም ነበር። ጠዋት የጀመረችውን ወሬ ማታ ከአፏ የሚያስጥላት እንቅልፍ ብቻ ነው። "ባትሪሽ አያልቅም እንዴ አንቺ ልጅ? ጎረቤት እንቅልፍ አጣ እኮ!" ይላታል አጎቷ። እሷ ትስቃለች፣ እሱም ይስቃል፤ እናት "ሁለት ሕፃን ነው የማሳድገው" እያለች ታማርራለች። ደግ ቀን ደግነቱ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው።

ግርግሩ የተነሣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ማን ከማን ተጣልቶ እንደነበር ብትጠይቁ የላዩ ሰፈር የታቹን ይከስሳል፣ የታቹም የላዩን፤ "ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ" የሚል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከሰማይ የወረደ ጠላት አልነበረም። ዱላ የያዘው ሁሉ አንድ ዳቦ ቤት ተሰልፎ ዳቦ የሚገዛ ሰው ነበር። መስታወት ገጣሚው ያን ዕለት መሀል ከተማ ፎቅ ላይ መስኮት እየገጠመ ነበር፤ ሚስቱ የምትሠራበት ስፌት ቤት ነበረች፤ የሚስቱ እናት፣ አማቱ፣ ደግሞ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ትምህርት ቤቱ ልጆችን በጊዜ ስለለቀቀ ቤት ውስጥ የነበሩት አጎትና ልጅ ብቻ ናቸው። ጩኸቱ ሲቀርብ ፍልቅልቁ ልጅቱን አልጋ ሥር አስገባትና "እኔ ሳልጠራሽ እንዳትወጪ" አላት። ወዲያው ጎረቤታቸው ሴትዮ "የሰው ያለህ!" እያለች ስትጮህ ሰማና ሊያስጥላት ወጣ። ሴትዮዋ ተረፈች፤ እሱን ግን በገዛ በሩ ፊት ቀጥቅጠው ገደሉት።

መንገድ ተከፍቶ መስታወት ገጣሚው ቤቱ ሲደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። ልጅቱን አልጋ ሥር ጉልበቷን አቅፋ፣ ቀሚሷን አርጥባ አገኛት። አቅፎ አወጣትና "ተመስገን፣ ይቺስ ምንም አላየችም" አለ። በዚያ ሁሉ መዓት መሀል የያዛት መጽናኛ ይህች ብቻ ነበረች፤ እንደ ምርኩዝ ተደገፈባት። ለሚስቱም ነገራት፣ ለሚጠይቀውም ሁሉ "ምንም አላየችም" ይል ነበር። ቀብሩና ለቅሶው በዘመድ ቤት ሆነ፤ ያን ሰሞን ልጅቱ ጎረቤት ተሰጥታ ከረመች። ምን ትላለች፣ ምን ትጠይቃለች ብሎ ጆሮ የሰጣት ሰው አልነበረም። አዋቂው ሁሉ በየራሱ እንባ ተይዟል።

አማቱ ከሆስፒታል በወጡ ዕለት ሐኪማቸው መስታወት ገጣሚውን ለብቻው ጠርቶ "ድንጋጤ እንዳይነካቸው" አለው። ቤት ሲደርስ ሚስቱንና ጎረቤታቸውን ሴትዮ ጓዳ አስገብቶ በሩን ዘጋ።

"ስሙኝ፤ ፍልቅልቁ ሥራ አግኝቶ ሩቅ አገር ሄዷል። ሌላ ወሬ እዚህ ቤት አይገባም።"

"እስከ መቼ?" አለች ሚስቱ።

"እስኪጠነክሩ። ሁለተኛ ሬሳ ላስወጣ እንዴ ከዚህ ቤት? ሆድ ይፍጀው!"

ጥቁር ልብስ እቤት እንዳይለበስም ተስማሙ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ ጎረቤቷ ቤት ገብታ ከሏን ታወልቅና ባለ አበባ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትገባለች። ጠዋት ደግሞ ባለ አበባውን አውልቃ ጥቁሩን ለብሳ ትሄዳለች። ሰፈሩም ነገሩን ሰምቶ በራቸው ላይ ሲያልፍ ስለ ሟቹ አያነሣም።

ለልጅቱም አጎቷ ሥራ እንደሄደ ተነገራት። አባቷን ትክ ብላ አየችው። እሱ የፈራው ስለ ድንጋዩና ስለ ጩኸቱ አውርታ አያቷን እንዳታስደነግጥ ነው፤ ሬዲዮ ናትና። "ለእማማ ክፉ ነገር እንዳታወሪላት" አላት ጎንበስ ብሎ። "ልቧ ደካማ ነው። ክፉ ነገር ከሰማች ቀጥ ይላል።"

"ቀጥ ይላል ማለት ምንድን ነው?"

"ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ አፍሽን ጠብቂ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?"

ራሷን ነቀነቀች። እሱም ሆስፒታል የቀረ መድኃኒት ሊያመጣ ተቻኩሎ ወጣ፤ ምን እንዳላትም ረሳው።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ አልተናገረችም። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም፤ ኋላ ነው ዝምታው ቤቱን የከበደው። ሲጠሯት ትመጣለች፣ ሲያዟት ትታዘዛለች፣ ድምፅ ግን የለም። ትምህርት ቤት ሊወስዷት ሲሞክሩ የአያቷን አልጋ እግር አንቃ ትይዛለች። ትታው የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ከአያቷ ጎን ነው የምትውለው። አማቱ "ምን ሆና ነው ይቺ ልጅ?" ሲሉ "ጉሮሮዋን ታማ ነው እማማ" ይላል መስታወት ገጣሚው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እኅት ወንድሞቹን ሁሉ ይጠራል።

ጉሮሮዋን ታማ ነው እያለ ሲናገር ውሎ ራሱም አመነውና ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ልጅቱን አፏን አስከፍታ በባትሪ አየችና "ጉሮሮዋ ከኔም ይሻላል" አለች። ከዚያ ልጅቱን ከነርሷ ጋር ውጭ አስቀመጠቻት።

"መናገር ያቆመችው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከግርግሩ ቀን ጀምሮ።"

"ያየችው ነገር አለ?"

"ምንም አላየችም። አልጋ ሥር ነበረች።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ሕፃን ልጅ አልጋ ሥር ብዙ አይቆይም፣ አባት። በዚህ ወር ስንቱን ልጅ አየሁ መሰለህ። አንዱ ምግብ እንቢ ይላል፣ አንዷ ፀጉሯን ትነጫለች። ቤተሰቡ ሁሉ 'ምንም አላየም' ይለኛል። አጎቷ መሞቱን ታውቃለች?"

"ሥራ ሄዷል ነው ያልናት።"

"ንገሯት። እቅፍ አድርጋችሁ፣ በግልጽ።"

"እሷ ካወቀች አያቷም አወቁ ማለት ነው። ይቺን ልጅ አታውቂያትም፤ ምስጢር አይቆያትም፣ ሬዲዮ ናት።"

"አሁን እኮ አትናገርም" አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። ልጁን ይዞ ሲወጣ በልቡ ተቆጣ። ለሷ ምን ችግር አለ፣ የሰው አማት ናቸው ብሎ አሰበ።

በማግስቱ መስታወት ሊገጥም የሄደበት ቤት አባት፣ እናትና ልጆች ፍራሻቸውን ኮሪደር ላይ ደርድረው አገኛቸው። ከግርግሩ ወዲህ መስኮት ባለው ክፍል የተኛ ሰው የለም። አዲሱን መስታወት ፍሬሙ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በማጣበቂያ ሲያሽገው የቤቱ ትንሽ ልጅ አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

"ይሄኛው አይሰበርም?"

"ድንጋይ ካልመጣ አይሰበርም።"

"ከመጣስ?"

የልጁ አባት "ሂድ፣ ሰውየውን ሥራ አታስፈታ" ብሎ ተቆጣ። መስታወት ገጣሚው ዕቃውን ሰበሰበ። ከዚያ ቀጥሎ የሄደላት ሴትዮ ደግሞ መስታወት አልፈልግም አለችው። "ቆርቆሮ ምታልኝ። ብርሃኑ ጥንቅር ይበል" አለች። "ጨለማ ይሆንብሻል" ቢላት "የለመድነው ነው" አለችው። ጋሪውን እየገፋ ሲመለስ፣ የሰው ልጅ ቢሰበርም እንዲህ ተለክቶ፣ ተቆርጦ ቢገጠም ምን ነበረበት አለ በልቡ።

እራት ላይ አማቱ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። "ዛሬም አልደወለም ያ ልጅ?"

"ደውሎ ነበር እማማ፤ ተኝተው ስለነበር ነው።"

"እኔ ስተኛ ብቻ ነው የሚደውለው? ምን ዓይነት ስልክ ነው እባክህ፣ የሰው እንቅልፍ የሚጠብቅ!"

"ኔትወርክ ያስቸግራል እማማ፤ የሄደበት አገር ገጠር ነው።"

"ገጠር ከሆነ ምን ሊገጥም ሄደ? የከብት በረት መስኮት?"

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀችና ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። "ውሃ ላምጣ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቧንቧው ተከፍቶ ረጅም ሰዓት ሲፈስ ተሰማ። ልጅቱ ማንኪያዋን አስቀምጣ አያቷን ብቻ ነበር የምታየው። አያቷ ጎርሰው፣ አላምጠው እስኪውጡ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። መስታወት ገጣሚው ይህን አስተውሏል፤ የአጎቷ ስም በተነሣ ቁጥር የምታየው አያቷን ነው። አያቷን ስለምትወድ ነው ብሎ አለፈው።

ከእራት በኋላ ጓዳ ገብቶ ሚስቱን አገኛት። ቧንቧው እየፈሰሰ ነው፤ እሷም በፎጣ አፏን አፍና ታለቅሳለች።

"አንድ ቀን እንኳ በገዛ ቤቴ ላልቅስ" አለችው። "የማለቅሰው ጎረቤት ቤት፣ ከል የምለብሰው ጎረቤት ቤት! ልጄም እየጠፋችብኝ ነው። ሐኪሟ ንገሯት ብላለች፤ እንንገራት።"

"እናትሽን ልትገድያቸው ነው?"

"እናቴን ላቆይ ብዬ ልጄን ልቅበር?"

"ሆድ ካገር ይሰፋል ሲባል አልሰማሽም? ትንሽ ቻዪው።"

"የኔ ሆድ ሞልቷል" አለች። ቧንቧውን ዘጋችና ባለ አበባ ቀሚሷን አስተካክላ ወጣች። እሱ ጓዳው ውስጥ ብቻውን ቀረ። እውነቷን እንደሆነ ያውቃል። ግን አንዴ ቤቱን በዚህ ውሸት አቁሞታል፤ አንዱን ቢነቅል ሁሉም የሚናድበት መሰለው። ደግሞም እንዲህ ያለ ሰው ነው፣ የያዘውን አይለቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩ የፈነዳው። መስታወት ገጣሚው ግቢ ውስጥ ለሱቅ የሚሆን ትልቅ መስታወት ለመቁረጥ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ጠረጴዛው እየወሰደ ነበር። የግቢው በር ክፍት ነው። በዚያ በኩል አንድ ግዙፍ ሰው ባርኔጣውን በእጁ ጨብጦ እያለቀሰ ሲገባ አየ። የፍልቅልቁ አብሮ አደግ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ግርግሩ ሲሆን ድንበር ተሻግሮ ነበርና መርዶውን የሰማው ገና ሲመለስ ነው፤ በዚህ ቤት የተመከረውን ምክር የነገረው ሰው የለም።

"ወንድሜን! ወንድሜን ብዬ ልምጣ!" እያለ ገባ።

መስታወት ገጣሚው "እሽሽ!" ሊል ፈለገ፤ ከአፉ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። መሮጥም አልቻለም፤ መስታወት ያቀፈ ሰው አይሮጥም። የአማቱ መኝታ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አማቱም ነቅተዋል። አለቀልን አለ በልቡ።

ከቤት ውስጥ ልጅቱ ወጣች። ከግርግሩ ወዲህ ያለ አዋቂ እጅ ደጃፉን ተሻግራ የማታውቀዋ ልጅ በባዶ እግሯ በርራ መጣች። ሾፌሩ ሲያያት ሊያቅፋት ተንበረከከ። "የኔ ልጅ፣ አጎትሽን…" ብሎ አፉን ሲከፍት በሁለት መዳፎቿ ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ሰውየው መዳፏን ሊያነሣ ሲሞክር ጥርሷን ነክሳ፣ ክብደቷን ሁሉ ጥላ ገፋችው። የጎልማሳ እንባ በጣቶቿ መሀል ይወርዳል፤ እሷ ግን እሱን አታይም፤ ዓይኗ ዞሮ የአያቷን በር ነው የሚያየው።

መስታወት ገጣሚው መስታወቱን እንደምንም ግድግዳ ላይ አስደግፎ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ።

"ታውቂያለሽ?" አላት በሹክሹክታ።

ራሷን ነቀነቀች።

"ማን ነገረሽ?"

እጇን ከሰውየው አፍ ላይ ሳታነሣ በአገጭዋ ወደ መስኮቱ አመለከተች። አጎቷ የተገደለበትን በር ፊት ለፊት የሚያየው መስኮት ነው። መስታወት ገጣሚው ያን ጊዜ "ምንም አላየችም" የምትለው ምርኩዙ ከሥሩ ተሰበረችበት። ልጅቱ ከአልጋ ሥር ወጥታለች፤ አይታለች፤ ተመልሳም ገብታለች። ከዚያም በኋላ ስትናገር ነበር። "ቀጥ ይላል ማለት ምንድን ነው?" ያለችው እሱን ነው፤ መልሱንም የሰጣት እሱ ነው። የገዛ አፉ የተናገረው ነገር አሁን ተራ በተራ ትዝ አለው። ጉሮሮዋን አልታመመችም። የምታውቀውን ክፉ ወሬ ይዛ አያቷን ስትጠብቅ ነው የከረመችው፤ አንድ ቃል ብታወጣ ያም አብሮ እንዳያመልጣት ፈርታ አፏን ጭራሽ ዘጋችው።

"ተዪው የኔ እመቤት፤ ያልቅስ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

አማቱ በራፉ ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል። ሚስቱ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ "እማዬ፣ ግቢ! ንፋስ ነው፣ ግቢ!" አለች።

"ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ" አሉ አማቱ። "ከሆስፒታል የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅሁት። የኔ ልጅ፣ ያ ጥርሱን የማይከድን ልጅ፣ ታማ የተኛች እናቱን ሳይስም አገር ጥሎ ይሄዳል? አንቺስ በየማታው ጓዳ ስትገቢ ቧንቧው ነው የሚያለቅሰው ብዬ ነበር?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?"

"እኔ ዝም ስል እናንተ የምትቆሙ መሰለኛ! 'አላወቁም' ብላችሁ በኔ ስትጽናኑ አየሁ። ይህቺንም ልቀማችሁ?" ከዚያ "ልጄ ሞቷል" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ገድለውታል። እዚህ በሬ ላይ።"

ክፉው ቃል ወጣ። የልጅቱ እጆች ከሾፌሩ አፍ ላይ ወደቁ። ሰውየው እንኳ ማልቀሱን አቋርጦ ያያት ጀመር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ተነሥታ ቀስ እያለች ወደ አያቷ ሄደች። ሁለት መዳፎቿን ደረታቸው ላይ አኖረች። ትንሽ ቆይታ ጆሮዋንም አስጠጋች። እናቷ ልትይዛት ስትል አባቷ በእጁ ከለከላት። አያቷም ልጅቱ የምትፈልገው ምን እንደሆነ ገብቷቸው ሳይንቀሳቀሱ ቆሙላት።

"አልቆመም" አለች።

ድምፅዋ ሻክሮ፣ ቀጥኖ ስለነበር እናቷ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቀችም።

"አይቆምም የኔ እናት" አሉ አያቷ፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ። "ያማል እንጂ አይቆምም።"

ልጅቱ ጆሮዋን ከአያቷ ደረት ሳታነሣ ዓይኗን ወደ አባቷ መለሰች። ጥፋት ተገኝቶባት እንደምትቀጣ ልጅ ነበር የምታየው።

"እኔ አልነገርኳትም አባዬ" አለችው። "ሲመቱት አይቻለሁ፤ ግን ለማንም አልነገርኩም።"

"አውቃለሁ ልጄ" ሊላት ፈለገ፤ ግን አላወቀም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ።